ክራሞይዚ የተባለው ቀይና የተገኘበት ሜዳ

ሰው የክብር ልብስ ባየ ጊዜ የለባሹን ማዕረግ ይመለከታል እንጂ ቀለሙ ከወዴት እንደ መጣ አይጠይቅም። በእንግሊዝ አገር በቀድሞ ዘመን ጠቆር ያለውን ደም መሳይ ቀይ፥ በዚሁም ቀለም የተነከረውን ከፋይና ሐር ‹‹ክራሞይዚ›› ይሉት ነበር። ዛሬ ግን ቃሉ ከአሮጌ መጻሕፍት በቀር በሰው አፍ አይገኝም። እኛም የቃሉን ሥር ተከትለን በአራራት ተራራ ግርጌ ወደ ተዘረጋው የአርመን ሜዳ ደረስን፤ ያየነውንና የተረዳነውንም ለአንባቢዎቻችን እናቀርባለን። ዓመቶቹን የምንጽፈው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ይህ ቃል ለእንግሊዞች ከፈረንሳይ የደረሳቸው ሲሆን፥ ምንጩ የዓረቦች ‹‹ቂርሚዝ›› ነው፤ የዚህም ሥሩ ትል ማለት መሆኑን የቋንቋ ሊቃውንት ይናገራሉ። አርመኖችም ቀለሙን ‹‹ቮርዳን ካርሚር›› ይሉታል፤ ትርጓሜውም የትል ቀይ ማለት ነው። በትንቢተ ኢሳይያስ በምዕራፍ 1 ኃጢአት በቀይ ቀለም በተመሰለበት ቁጥር ላይ፥ የአማርኛው መጽሐፍ ወይዛዝርቶቻችን ለመሶብ ስፌት የሚያቀልሙትን የአለላን ስም ሲያነሣ፥ ዕብራይስጡ በዚያው ቁጥር ‹‹ቶላ›› የሚል ቃል አለው፤ እርሱም ደግሞ ትል ማለት ነው። እንግዲህ ነገሥታት የሚመኩበት ቀለም በብዙ አሕዛብ ቋንቋ ስሙን ያገኘው ከትል ነው።

ከየሬቫን ከተማ ወደ ምዕራብ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ፥ በሃይማኖት እኅት የሆነችን የአርመን ቤተ ክርስቲያን መንበር ኤችሚያጺን ይገኛል። ከዚያም አልፎ በአርማቪር አውራጃ፥ ወደ አራክስ ወንዝ በተጠጋው ዝቅተኛ ስፍራ፥ መሬቱ ጨዋማ ነው። በበጋ ጊዜ ጨዉ በላዩ ላይ እንደ አመዳይ ነጥቶ ይታያል። ስንዴም ወይንም አይበቅልበትም፤ የሚበቅልበት አጭር የጨው ሣርና ሸምበቆ ብቻ ነው። ከወንዙ ማዶ በቱርክ ግዛት 5,137 ሜትር ከፍታ ያለው አራራት በረዶውን ተከናንቦ ይታያል። መንገደኛው ዐይኑን ወደ ተራራው ያነሣል እንጂ፥ ሀብቱ በእግሩ ሥር መሆኑን አያውቅም።

ትሉ በጸደይ ጊዜ በሣሩ ሥር ላይ ተጣብቆ ጭማቂውን እየመጠጠ ከአፈር በታች ያድጋል። ከመስከረም አጋማሽ ጀምሮ አንድ ወር ለሚያህል ጊዜ፥ ገና በማለዳ፥ ሴቲቱ አፈሩን በእግሮቿ ቈፍራ ትወጣለች። ከወጣችም በኋላ የምትበላበት አፍ የላትም፤ ከክንፋሙ ወንድ ጋር ተገናኝታ ዕንቁላሏን ጥላ ትሞታለች። ለቃሚዎቹም በዚያች በጥቂት ሰዓት ውስጥ ጐንበስ ብለው አንድ በአንድ ይለቅሟት ነበር። ትሏ ስብ ስለሚበዛባት ቀለሙን ማውጣት ብርቱ ጥበብ ይጠይቃል፤ ሐሩም ቀለሙን አጥብቆ እንዲይዝ አስቀድሞ በሸብ ይዘፈዘፋል።

በዚሁ ሜዳ ላይ ያለችውን የጥንቷን አርታሻትን፥ በ9ኛው መቶ ዓመት የነበረው የዓረብ ታሪክ ጸሓፊ አል በላዙሪ ‹‹የቂርሚዝ መንደር›› ብሎ ይጠራታል። አንዲት ከተማ በንጉሥዋ ስም ወይም በግንቧ ሳይሆን በትል መጠራቷ፥ ቀለሙ ምን ያህል ይከበር እንደ ነበረ ያስረዳል።

ነገር ግን እስጳንያውያን በ1521 የሜክሲኮን ከተማ ከያዙ በኋላ፥ በቍልቋል ላይ የሚኖረው የዚያ አገር ትል ቀለም በመርከብ እየተጫነ ወደ አውሮፓ ገባ። ይህኛው በብዛት የሚገኝና ለሥራ የሚቀል ስለ ሆነ የአራራቱን ከገበያ አስወጣው። ከ1856 በኋላ ደግሞ ከድንጋይ ከሰል ዝፍት የሚወጣ ቀለም በፋብሪካ ይሠራ ጀመር። ዱሮ መኳንንት ብቻ የሚለብሱትን ቀይ ማንም ሰው በጥቂት ገንዘብ የሚገዛው ሆነ፤ ስለዚህም ለድኻው ደስ ሊለን ይገባል።

በትሉ ላይ የደረሰው ጕዳት ግን ሌላ ነው። በሶቪየት መንግሥት ዘመን ረግረጉን እያደረቁ ጨዉንም እያጠቡ ሜዳውን እርሻ አደረጉት። ለሕዝብ እንጀራ ማብዛት መልካም ሥራ ነው፤ ሆኖም የማይጠቅም የመሰለው ጨዋማ መሬት ለትሉ ቤቱ ነበርና፥ ቤቱ ሲጠፋ እርሱም ሊጠፋ ተቃረበ። ስለዚህ በ1987 በአራዛፕና በጅራራት መንደሮች አጠገብ ወደ 200 ሄክታር የሚሆን መሬት ተከልሎ ተጠበቀለት። ሊጠፉ የተቃረቡ እንስሳት በሚመዘገቡበት በአርመን ‹‹ቀይ መጽሐፍ›› ውስጥም ስሙ ገብቷል።

በየሬቫን በሚገኘው ማቴናዳራን በተባለው የብራና መጻሕፍት ቤት ከ17,000 የሚበልጡ መጻሕፍት ይጠበቃሉ። አርመኖች በእነዚህ ብራናዎች ላይ በትሉ ቀይ የተሣለው ሥዕል፥ ብዙ መቶ ዓመት አልፎበት ሳለ፥ እስከ ዛሬ አለመደብዘዙን በኵራት ይናገራሉ። ያን ቀይ የለበሱት ነገሥታት አልፈዋል፤ ልብሳቸውም አርጅቶ አልቋል። እኛም ከዚህ የተረዳነው፥ በአገሩ ያለውን ጠፍና ረግረግ ‹‹ይህ አይረባም›› ብሎ ከመፍረዱ በፊት፥ ሹም የሆነ ሰው በውስጡ የሚኖረውን አስቀድሞ መጠየቅ እንደሚገባው ነው። ቃል ቢረሳ በመጽሐፍ ይገኛል፤ ከምድር የጠፋ ፍጥረት ግን በምንም አይመለስም።