አንዱ ሲራመድ፣ አንዷ ስትቀመጥ

ባልና ሚስት አብረው ለሽርሽር ከመነሣታቸው በፊት፣ ከስንቁም ከልብሱም አስቀድመው ሊነጋገሩበት የሚገባ ጥያቄ አለ። ከሁለታችን ብዙ መራመድ የማይችለው ማን ነው? የምንሄድበት ቦታስ ለእርሱ ወይም ለእርሷ ምን አለው? እኛ ይህን ሳንነጋገር ነበር በ2005 ዓ.ም. ጥር ወር ወደ መንዝ የወጣነው።

ባለቤቴ የሞላሌ ልጅ ነው። ያደገበት መንደር ከከተማው ወጣ ያለ ስለሆነ ትምህርት ቤት የሚመላለሰው በእግሩ ነበር፤ እስከ ዛሬም ዳገትና ሜዳ አይለይም። እኔ ያደግሁት አዲስ አበባ ነው። ሁለተኛ ልጃችንን ከወለድኩ ወዲህ ደግሞ ቀኝ ጉልበቴ እንደ ልቤ አይታዘዝልኝም። የተጋባንበትን አሥረኛ ዓመት ምክንያት አድርጎ "ጓሳን ላሳይሽ" ሲለኝ ግን ደስ ብሎኝ እሺ አልኩ። የጉልበቴን ነገር አላነሣሁም፤ እርሱም አልጠየቀኝም።

የሆነውን ባጭሩ ልንገራችሁ። እርሱ ፊት ፊት፣ እኔ ኋላ ኋላ። ዞር እያለ "አይዞሽ፣ ትንሽ ነው የቀረው" ይለኛል። (ይህቺን ቃል የማታውቅ ሚስት ካለች እጇን ታውጣ!) ሦስት ሰዓት ያህል ከተጓዝን በኋላ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ተመለስን። እስከ ደብረ ብርሃን ድረስ መኪናው ውስጥ አንድ ቃል አልተነጋገርንም። በማግሥቱ እሑድ ነበርና የቤተ ክርስቲያን በር ላይ ጎን ለጎን ቆመን ሰውን በፈገግታ ተቀበልን። ያ ፈገግታ ትዝ ሲለኝ ዛሬም አፍራለሁ።

ከዚያ በኋላ ሰባት ዓመት ሙሉ "መንዝ ለእኔ አይሆንም" ስል ኖርኩ። ጥፋቱን በቦታው ላይ አድርጌ ማለት ነው።

ቦታውን ለማታውቁት ላስተዋውቃችሁ። ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው። ከዚያ አልፎ ጣርማ በር ላይ የደሴውን መንገድ በመተው ወደ ግራ ይታጠፋል። ሞላሌ የመንዝ ማማ ምድር ወረዳ ከተማ ስትሆን፣ መሐል ሜዳ ደግሞ የመንዝ ጌራ ምድር ከተማ ናት። ጓሳ በደጋው ምሥራቃዊ ጠርዝ ላይ፣ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ የተዘረጋ፣ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚያህል ሜዳ ነው። ስሙን ያገኘው ሕዝቡ ቤቱን ከሚከድንበትና ገመድ ከሚገምድበት ከጓሳ ሣር ነው። የአካባቢው ሰው ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የራሱን አለቆች እየመረጠ፣ ሜዳውን ለዓመታት እየዘጋና ሣሩ ሲደርስ እየከፈተ በሥርዓት ሲጠብቀው ኖሯል። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲወጣ ያ ሥርዓት ፈረሰ፤ ሕዝቡ ግን ሜዳውን ጨርሶ አልተወውም፤ ኋላም የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ ሆኗል።

እንግዲህ "ሜዳ ነው" ሲባል አትታለሉ። የጓሳ ሣር እንደ ከተማ መስክ የተነጠፈ አይደለም፤ ጉብ ጉብ እያለ ነው የሚበቅለው። እግር በጉብታዎቹ መካከል ይገባል፣ ቁርጭምጭሚት ይጠመዘዛል፣ አይጥ የቆፈረው ጉድጓድም አለ። አየሩም ስስ ነው። በ3,500 ሜትር ከፍታ ላይ በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን በባሕር ወለል ላይ ከሚገኘው ሁለት ሦስተኛው ያህል ብቻ ነው። የአዲስ አበባ ሰው ከፍታ የለመደ ስለሆነ ከቆላ ከሚመጣው ይሻላል፤ ቢሆንም ደብረ ብርሃን ላይ አንድ ሌሊት ማደር ብዙ ይረዳል። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከበረታ መፍትሔው ወደ ታች መውረድ ነው፤ "እችለዋለሁ" ማለት አይደለም። የደም ግፊት ወይም የልብ ሕመም ያለበት ደግሞ አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ።

እኔ ከብዙ ስሕተት በኋላ የተማርኩት ይህን ነው። ሁለት ሰው የሚሄድበት ቦታ መመረጥ ያለበት ለደካማው ነው። ስለ ማረፊያ ወንበር አይደለም የማወራው። የምጠይቀው ተቀማጩ የራሱ ቀን አለው ወይ? ብዬ ነው። በውጭ አገር በበረዶ ላይ ለመንሸራተት የሚሄዱ ባለትዳሮችም የሚቸገሩት በዚሁ ነው አሉ፤ አንዱ ከተራራው ጫፍ ሲወርድ ሌላው ከታች ቡና እየጠጣ ሰዓት ይቆጥራል። ብልሆቹ ከተዳፋቱ ርዝመት ይልቅ ከታች ያለውን መንደር አይተው ይመርጣሉ።

በአገራችን ቦታዎች ላይ እንሞክረው። ወንጪ ሐይቅ ውብ ነው፤ ነገር ግን በእግር ከሆነ ቁልቁል ተጀምሮ በአቀበት የሚያበቃ ጉዞ ነው። ለደካማ ጉልበት ከዚህ የባሰ ወጥመድ የለም፤ ስትወርዱ ሁሉም ጀግና ነው! ፈረስ ካልተከራያችሁ መመለሻው ያጣላችኋል። ባሌ ላይ መኪና ሳነቴ ድረስ ይወጣል፤ ቀይ ቀበሮን በመስኮት ማየት ይቻላል፤ ይሁንና ከፍታው ከ4,000 ሜትር በላይ ስለሆነ የማይራመደውም ሰው መተንፈስ አለበት። ሰሜን ተራሮች መኪና ሳንቃበርንና ጨነቅን ስለሚደርስ ለሁለት ዓይነት ሰው ይመቻል፤ ራስ ዳሸን ግን የቀናት የእግር ጉዞ ነው፤ እርሱን ለወጣቶች ተዉት። አቅማችሁን መለካት ከፈለጋችሁ ደግሞ እንጦጦ ቅርብ ነው፤ ከፍታው ወደ 3,000 ሜትር ይጠጋል። እዚያ አንድ ሰዓት አብራችሁ ተራመዱና ማን ፊት፣ ማን ኋላ እንደቀረ እዩ።

በ2012 ዓ.ም. ጥር ላይ ባለቤቴ እንደገና መንዝን አነሣ። በዚህ ጊዜ ግን "አንቺ ምን ብታደርጊ ደስ ይልሻል?" አለኝ። ሰባት ዓመት ፈጅቶበታል፤ ቢሆንም ጠየቀ። እኔም "ሞላሌ አክስትህ ዘንድ ልቀመጥ" አልኩት።

የመጀመሪያውን ቀን እርሱ ከአጎቱ ልጅ ጋር ወደ ልጅነቱ መንደርና ወደ ገደሉ አፋፍ ሲሄድ፣ እኔ ከእታለም ጋር ደጃፉ ላይ ፀሐይ እየሞቅሁ ዋልኩ። መንዝ የበግ አገር ነው። ሴቶቹ የበጉን ጠጉር በእንዝርት ይፈትላሉ፤ ወንዶቹ በርኖስና ባና ይሸምኑታል። እታለም እንዝርቱን አስያዙኝ። ክሬ ወይ ይበጠሳል፣ ወይ እንደ ገመድ ይወፍራል። "ኧረ ልጄ፣ ይህማ ለአህያ መጫኛ ነው!" ብለው እስኪያነቡ ሳቁ። ዕለቱ ረቡዕ ስለነበር እርሳቸው በጾም፣ እኔ በገብስ ቆሎ ዋልን። ባለቤቴ በአሥራ አንድ ዓመቱ በግ ጠፍቶበት ሌሊቱን ውጭ እንዳደረ፣ ከትዳሬ ሁሉ በፊት የሆነውን ታሪክ ያን ቀን ነው የሰማሁት። ለእኔ ነግሮኝ አያውቅም ነበር።

ማታ እሳት ዳር ተቀመጥን። እርሱ ያየውን ይናገራል፤ እኔም ያ በግ መጨረሻው ተገኝቶ እንደሆነ ጠየቅሁት። አፍሮ ሳቀ። በመጀመሪያው ጉዞ የሚናገረው አንዱ ብቻ ነበር፤ አሁን ግን ሁለታችንም የምናወራው ነበረን።

በማግሥቱ ማለዳ አብረን ጓሳ ሄድን። ጭላዳ ዝንጀሮዎች ሌሊቱን ገደል ላይ ነው የሚያድሩት፤ ፀሐይ ስትሞቅ ወደ ሜዳው ወጥተው ሣር ይግጣሉ። ስለዚህ ከጓሳ የተሻለውን ትርኢት ለማየት መራመድ አያስፈልግም፤ በጊዜ ደርሶ መቀመጥ ነው። መኪናችን ከቆመበት ብዙም ሳንርቅ፣ ጋቢ ለብሰን ተቀመጥን፤ እነርሱም ደረታቸው ላይ ያለው ቀይ ምልክት እየታየ፣ ልጆቻቸውን አዝለው፣ ከአፋፉ ሥር ብቅ ብቅ አሉ። ሁለት ሰዓት ያህል ማናችንም "እንሂድ" አላልንም። ከዚያ እርሱ ከአስጎብኚ ጋር ሊራመድ ሄደ፤ የሚመለስበትን ሰዓት ቆርጠን ነበርና በሰዓቱ ተመለሰ። (ሰዓት ቁረጡ! ተቀማጩን የሚያናድደው መጠበቁ አይደለም፤ እስከ መቼ እንደሚጠብቅ አለማወቁ ነው።)

እዚያው ጓሳ ላይ ተመራማሪዎች ያጠኑት አንድ ነገር አለ፤ ውጤቱ በ2007 ዓ.ም. ታትሟል። ቀይ ቀበሮ ብቻውን አይጥ ሲያድን ከአራት ሙከራ አንዱ ገደማ ይሳካለታል፤ ሣር በሚግጡ ጭላዳዎች መካከል ሲያድን ግን ከሦስት ሁለቱ። አንዱ ቀስ ብሎ ተቀምጦ ይግጣል፣ ሌላው ይሯሯጣል፤ ቀበሮውም ጭላዳዎቹን ላለማስደንገጥ በመካከላቸው እየተጠነቀቀ ይራመዳል። ይህን ለባለቤቴ ባነበብኩለት ጊዜ "ቀበሮው እኔ ነኝ ማለት ነው?" አለኝ።

አሁን ተነሥታችሁ ሂዱ አልላችሁም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ ሰሜን ሸዋ ደርሶ ነበር፤ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህም የአማራ ክልል በግጭት ብዙ ተጎድቷል። ከመነሣታችሁ በፊት መንገዱንና አካባቢውን ከሚያውቁ ሰዎች አጣርታችሁ ጠይቁ፤ ካልሆነ ይቅር። ሲሆን ግን ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ሰማዩ ጥርት ይላል፤ የሌሊቱ ውርጭ ቀላል አይደለምና ወፍራም ልብስ ያዙ።

እኛም ከዚያ ወዲህ አልተመለስንም። ነገር ግን ከመመለሳችን ከወራት በኋላ በአንድ ዘመድ እጅ ከሞላሌ ባና ደርሶናል። በአንደኛው ጫፍ በኩል ክሩ እንደ ገመድ የወፈረ ቦታ አለ። ባለቤቴ ሲተኛ ሁልጊዜ በዚያ በኩል እግሩን ይሸፍንበታል፤ ይኼኛው ይሞቃል ይላል።