«ንጹሕ ነው?» ሳይሆን «ለምን ተግባር?»

ጅብ ከላይ፣ አህያ ከታች ሆነው ከአንድ ወንዝ ሲጠጡ፣ ጅቡ «ውሃዬን አደፈረስሽብኝ» ቢላት አህያዪቱ «አያ ጅቦ ሳታመኻኝ ብላኝ» ማለቷን ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማ አድገናል። ተረቱ የሚነገረው ስለ ፍርድ መጓደል ነው። እኛ ዕጩ መምህራን ግን ሰሞኑን በሳይንስ ክፍለ ጊዜ ስለ ወንዞቻችን ስንወያይ ሌላም ትምህርት አገኘንበት። ይኸውም ውሃ ሽቅብ አይፈስም፤ ላይኛው ያደፈረሰውን የሚጠጣው ምንጊዜም ታችኛው ነው።

ውይይቱ የተነሣው መምህራችን «የሽንታ ውሃ ንጹሕ ነው ወይስ አይደለም?» ብለው በጠየቁን ጊዜ ነበር። ግማሾቻችን «ኧረ በጭራሽ!» አልን። ግማሾቻችን ደግሞ «ለልብስ ማጠቢያ ምን አለው?» አልን። እሳቸውም ፈገግ ብለው፣ «ጥያቄው ሆን ብዬ ያጎደልኩት ነው። ለምን ተግባር? በሉ» አሉን።

እስቲ ከተማችንን ጎንደርን እንመልከት። አንገረብ ተገድቦ ለነዋሪው የመጠጥ ውሃ ሲያቀርብ ኖሯል። ቀሃ በቦይ ተጠልፎ የአፄ ፋሲልን መዋኛ ይሞላል፤ ጥር 11 ቀን ውሃው ከተባረከ በኋላ ወጣቱ ዘሎ ይገባበታል። በሽንታ ልብስ ይታጠባል፤ ከብት ይጠጣል፤ ዳርቻው ላይ አትክልት ይለማል። እነዚህ ሁሉ ወደ መገጭ፣ መገጭም ወደ ጣና ይወርዳሉ። በጣና ዓሣ አለ፤ እንዲያውም አንዳንዶቹ የዓሣ ዝርያዎች በክረምት እንቁላላቸውን ለመጣል ወደ ገባር ወንዞች ሽቅብ ይወጣሉ። ታዲያ አንዱ ውሃ ስንት ሥራ አለበት!

ለእያንዳንዱ ሥራ የሚያስፈልገው ጥራት ይለያያል። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ እንደሚለው፣ በ100 ሚሊ ሊትር የመጠጥ ውሃ ውስጥ ኢ-ኮላይ የተባለው ከዓይነ ምድር የሚመጣ ባክቴሪያ አንድም መገኘት የለበትም። ይኸው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1989 ባወጣው መመሪያ፣ ጥሬውን የሚበላ አትክልት በተጣራ ፍሳሽ ሲጠጣ በዚያው መጠን ውስጥ ከዓይነ ምድር የሚመጡት ባክቴሪያዎች ከ1,000 እንዳይበልጡ ወስኖ ነበር። ለዓሣ ግን ዋናው ጉዳይ ትንፋሽ ነው፤ ለብዙዎቹ ዓሦች በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ 5 ሚሊ ግራም ያህል የሟሟ ኦክሲጅን ያስፈልጋቸዋል። ፍሳሽና የምግብ ትርፍራፊ ወንዝ ውስጥ ሲበሰብስ ይህንኑ ኦክሲጅን ይጨርስባቸዋል። ለግድብ ደግሞ ዋናው ጠላት ከተራቆተ ተራራ ታጥቦ የሚመጣው ደለል ነው።

አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1972 ባወጣችው የንጹሕ ውሃ ሕግ፣ ክፍላተ ግዛቶቿ ለየወንዙና ለየሐይቁ አገልግሎቱን ለይተው በዚያ ልክ መመዘኛ እንዲያወጡ አድርጋለች። በእኛም አገር የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 ከማናቸውም አገልግሎት ይልቅ ለቤት ፍጆታ ቅድሚያ ሰጥቷል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995ም ወደ ውሃ ለሚለቀቅ ፍሳሽ ደረጃ እንዲወጣ ደንግጓል።

እስከዚህ ድረስ ሁላችንም ተስማምተን ነበር። አንዲት የደምቢያ ልጅ የሆነች ጓደኛችን ግን እጇን አወጣች። «ይህ ነገር ለላይኛው ሰው ሰበብ እንዳይሆን እሰጋለሁ» አለች። «ወንዙ የልብስ ማጠቢያ ነው ተብሎ ወረቀት ላይ ከሰፈረ፣ ማቆሸሹ እኮ የተፈቀደ ሊመስል ነው። እናቴ ግን ከታች ከዚያው ውሃ ትቀዳለች።»

ክፍሉ ጸጥ አለ። ስለ ቁጥር ስናወራ የቆየነው ስለ ሰው መሆኑ ያን ጊዜ ጎልቶ ታየን።

ብዙ ከተከራከርን በኋላ የደረስንበት ሐሳብ ይህ ነው። አንደኛ፣ የወንዝ አገልግሎት ከመዝገብ አይነበብም። ሕዝቡ ዛሬ በእርግጥ የሚሠራበት ታይቶ ነው የሚወሰነው። ሰው የሚጠጣውን ውሃ «የከብት ነው» ብሎ መጻፍ ጥማቱን አያስቀርለትም። ሁለተኛ፣ የላይኛው ደረጃ የታችኛውን ተጠቃሚ የማይጎዳ መሆን አለበት። ሦስተኛ፣ መለኪያው በበጋም መታየት አለበት፤ ወንዙ ሲሳሳ ያው ቆሻሻ ይበረታል።

ከደባርቅ የመጣው ጓደኛችን ደግሞ ያለ ላቦራቶሪም አመዳደብ እንደሚቻል አስረዳን። በሚገባ የጎለበተ ምንጭ ዓይኑ ይታጠራል፤ ሰው ከቧንቧው ይቀዳል፤ ትርፉ ወደ ከብቶች ገንዳ ይወርዳል፤ ማጠቢያው ከሁሉም በታች ይሆናል። ምንጩ ሳይጎለብት ሲቀር ግን ሰውም ከብትም ከአንድ ኩሬ ይጠጣሉ። በሽታውም አብሮ ይቀዳል።

ውድ ጓደኞቻችን፣ ነገ ዳባትም ጃናሞራም ጭልጋም ስንመደብ ትምህርት ቤታችን አጠገብ ጅረት አይጠፋም። ተማሪዎቻችንን ይዘን ከላይ እስከ ታች ማን እንደሚቀዳ፣ ማን እንደሚያጥብ፣ ማን እንደሚያጠጣ በካርታ እናስፍር። ድንጋይ እየገለበጥን ሥሩን እንይ፤ ባለ ሦስት ጅራት የነፍሳት እጮች ቢበዙ ጥሩ ምልክት ነው፤ ቀያይ ትሎች ብቻ ከቀሩ ግን ኦክሲጅኑ አንሷል። ይሁን እንጂ ይህ ስለ ጀርም አይናገርም። ጥርት ያለ ውሃም ያሳምማልና አፍልቶ መጠጣትን ሳንታክት እናስተምር።

«ውሃ ሲወስድ አሳስቆ ነው» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2011 ጣና ላይ መኖሩ የታወቀው እምቦጭ ከየተፋሰሱ የሚወርደውን ማዳበሪያና ፍሳሽ እየተመገበ ሲስፋፋ አይተናል። ለወንዝ ደረጃ የሚያወጡት ባለሙያዎች ናቸው፤ ከወንዙ በታች ማን እንደሚጠጣ የሚያውቁት ግን የመንደሩ ልጆች ናቸው። እነሱ ያዩትን ቆጥረውና ጽፈው ለሚመለከተው እንዲያቀርቡ ማስተማር የእኛ ድርሻ ነው።