ለጉባኤ ወደ ሄርማታ የሄደ ሰው

የመንግሥት ሥራ ሠራተኛውን ከቤቱ አውጥቶ ወደ ሩቅ አገር የሚልክበት ጊዜ ብዙ ነው። ለጉባኤ የሚሄድ ሰውም ሻንጣውን ሲያዘጋጅ ሁለት አሳብ በልቡ ይከራከራሉ። አንደኛው «የተላክሁት ለሥራ ነውና ከአዳራሹ በቀር ሌላ ነገር አላይም» ይላል፤ ሁለተኛው ደግሞ «ይህን አገር ዳግመኛ አላገኘውምና ስብሰባውን ትቼ ልዙር» ይላል። እኛ ግን ስለ ቡና ለመነጋገር ወደ ጅማ በሄድን ጊዜ ሁለቱም አሳቦች ጐደሎ መሆናቸውን ተረድተናልና፥ ያየነውን ለቤተ ሰብ ገጽ አንባቢዎች መግለጽ ወደድን።

ከአዲስ አበባ እስከ ጅማ ያለው መንገድ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ወሊሶንና ወልቂጤን ካለፉ በኋላ መኪናው ወደ ጊቤ በረሃ ይወርዳል፤ በደጋ የለበሱት ካፖርትም በዚያ ቆላ ሸክም ይሆናል። ወንዙን ተሻግረው ዳገቱን ከወጡ በኋላ ሰኮሩንና አሰንዳቦን እያለፉ ሲሄዱ አገሩ እየለመለመ ይመጣል፤ በ1996 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የግልገል ጊቤ ግድብ ውሃም ተንጣሎ ይታያል። በአውሮፕላን የሚሄድ ሰው ጊዜ ያተርፋል፤ ይሁን እንጂ ቡናው ወደ ማዕከል ገበያ የሚመጣበትን መንገድ ሳያይ ስለ ቡና ይናገራል።

ሄርማታ ዛሬ በጅማ ከተማ ውስጥ ያለ ሰፈር ነው፤ ሄርማታ መርካቶና ሄርማታ መንቲና የሚባሉት ቀበሌዎች ስሙን ይዘው ይኖራሉ። ቀድሞ ግን የታላቅ ገበያ ስም ነበረ። ከእርሱ በፊት በጊቤ አገሮች የታወቀው ገበያ የሊሙ ኢናርያው ሰቃ ሲሆን፥ በኋላ ሄርማታ በልጦ ወጣ። ነጋዴዎች ከቦንጋ ተነሥተው በጅማ በኩል ወደ ጐጃም፥ ከዚያም በጐንደር አድርገው እስከ ምጽዋ ይዘልቁ ነበር። ቡናና ዝባድ፥ የዝሆን ጥርስና ወርቅ፥ አሞሌ ጨውና ጨርቅ በሐሙስ ገበያ ይለዋወጡ ነበር። በዚያው ገበያ ሰው እንደ ዕቃ ይሸጥ እንደ ነበረም መዘንጋት አይገባም። ነጋዴውም ሥራውን እየሠራ የአገሩን ምግብ ይቀምሳል፥ የአገሩን ልብስ ያያል፥ የአገሩን ወሬ ይሰማል፤ ወሬውም ለንግዱ እንደ ሚዛን ያገለግለው ነበር። እንግዲህ ሥራንና አገር ማየትን አንድ ላይ ማስኬድ በሄርማታ የቆየ ልማድ ነው።

ከከተማው ወደ ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በጅሬን ኮረብታ ላይ የአባ ጅፋር 2ኛ ቤተ መንግሥት ይገኛል። እኒህ ንጉሥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1878 እስከ 1932 ዓ.ም. ጅማን የገዙ ናቸው። አፄ ምኒልክ «አባ ዳኘው» እንደሚባሉ ሁሉ «አባ ጅፋር»ም የፈረስ ስም ነው። ንጉሡ ለምኒልክ ገብረው የውስጥ አስተዳደራቸውን ለብዙ ዘመን ጠብቀው ኖረዋል፤ አገራቸውም ከጦር ጥፋት ስለ ዳነ የሄርማታ ገበያ ሳይፈርስ ሊያድግ ቻለ። የእንጨት ሥራ የበዛበትን ሰገነት ስንመለከት፥ በጊዜው መነጋገር የሚችል ሰው ለአገሩ ምን ያህል እንደሚጠቅም አሰብን። የንጉሡ መገልገያ የነበሩ ዕቃዎች በጅማ ሙዚየም ስለሚገኙ፥ ቤተ መንግሥቱን ያየ ሰው ሙዚየሙን ባይተው መልካም ነው።

ስለ ልብስም ጥቂት እንናገር። ለጉባኤው መክፈቻ ሙሉ ልብስ ወይም ንጹሕ የአገር ልብስ ይበቃል፤ ሰውን የሚያስከብረው ልብሱ ለቦታው መስማማቱ እንጂ ዋጋው አይደለም። ጅማ ዝናብ የሚበዛበት አገር ስለ ሆነ ጃንጥላና ጭቃ የሚችል ጫማ ያስፈልጋሉ። በጅሬን ከቤተ መንግሥቱ አጠገብ መስጊድ አለ፤ ወደ መስጊድ የሚገባ ሰው ጫማውን ያወልቃል፥ ወይዛዝርትም ራሳቸውን ይሸፍናሉ። ስለዚህ ነጠላ ከሻንጣ አይታጣ። አንድ ትልቅ ሹም ጫማቸውን ሲያወልቁ አውራ ጣታቸው በካልሲያቸው ቀዳዳ ብቅ ብሎ ታይቷልና፥ ባለቤቶቻቸውን የሚሸኙ እመቤቶች ከክራባቱ በፊት ካልሲውን ይመልከቱ።

የምግቡን ነገር በተመለከተ፥ በሆቴል የሚቀርበው ምግብ በሌላም ከተማ ይገኛል። በጅማ አካባቢ ግን ቡና የሚጠጣ ብቻ ሳይሆን የሚበላም ነው። የኦሮሞ ሕዝብ «ቡና ቀላ» የሚለው የቡናው ፍሬ ከነገለፈቱ በቅቤ ተቆልቶ የሚበላበት፥ ምርቃትም የሚሰጥበት የከበረ ሥርዓት ነው። ይህ ሲቀርብለት ፊቱን የሚያኮሳትር እንግዳ ምግቡን ብቻ ሳይሆን ምርቃቱንም የናቀ ይመስላል። የእስልምና ሃይማኖት ተከታይ የሆነ ባለቤት በጠጅ ፈንታ ብርዝ ቢያቀርብ በደስታ መጠጣት ይገባል። በረመዳን ወራት በጾመኛ ፊት ከመብላት መቈጠብ፥ ሥጋም ሲታዘዝ የእስላም ወይም የክርስቲያን መሆኑን በለዘብታ መጠየቅ የጨዋ ሰው ምልክት ነው። ቡና በጀበና ሲፈላም አቦል ጠጥቶ መነሣት ነውር ነው፤ ቶናና በረካ ይቀራሉና።

ጉባኤው በእሑድ ዕረፍት ስለ ነበረ ከጅማ በስተ ምዕራብ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ወደምትርቀው ወደ አጋሮ ሄድን። በዚያ አገር በጎማ ወረዳ የምትገኘው ጮጬ የቡና መገኛ ናት ይባላል፤ የከፋም ሰዎች ይህን ክብር ለማንኪራ ጫካ ይሰጣሉ። እንግዳ በዚህ ክርክር ዳኛ ሊሆን አይገባውም፤ የአረቢካ ቡና የተፈጥሮ ቤቱ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን መሆኑን ማወቅ ይበቃዋል። የከፋና የያዩ ደኖችም በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገቡት ስለዚህ ነው።

ወራቱ ኅዳር ነበረና ቡናው ቀልቷል። አንዲት አሮጊት በሽቦ አልጋ ላይ የተሰጣውን እሸት ቡና እየዞሩ ጥቁሩንና ያልበሰለውን ይለቅሙ ነበር። «አዴ፥ ይህን ሁሉ ስለ ምን ይደክማሉ?» ብለን ጠየቅናቸው። እርሳቸውም «ልጆቼ፥ አንድ የሻገተ ፍሬ ብዙውን ያበላሻል። ነገር ግን ለለቀመውም ላልለቀመውም ዋጋው አንድ ከሆነ፥ ነገ ማን ይለቅማል?» አሉን።

ይህ ቃል እንደ ቀላል የሚታይ አልነበረም። አንድ ኪሎ ንጹሕ ቡና ለማግኘት ከአምስት እስከ ስድስት ኪሎ እሸት ቡና ይፈልጋል፤ ሳይታጠብ የሚደርቀውም ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ በአልጋ ላይ እየተገለባበጠ፥ ከዝናብና ከሌሊት ጤዛ እየተሸፈነ ይሰነብታል። በውጭ ገበያ የዚህ አገር የታጠበ ቡና «ሊሙ»፥ ያልታጠበው «ጅማ» እየተባለ ሲጠራ፥ የስሙ መክበርና መዋረድ በዚህች አልጋ ላይ ይወሰናል። እኛ ቅዳሜ ሙሉ ቀን «ጥራት፥ ጥራት» ሲባል ሰምተን ነበር፤ የእኒህን እናት ጥያቄ ግን ከመካከላችን ማንም አላነሣውም። ሰኞ ከጓደኞቻችን አንዱ ጥያቄውን ለጉባኤው አቀረበ፤ ሰዓቱ እስኪያልቅ የተከራከርንበትም ዋና ነገር እርሱ ሆነ።

ከጅማ ብዙ በማይርቀው በመልኮ የእርሻ ምርምር ማዕከልም እንዲሁ ተማርን። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1971 ዓ.ም. የቡና ፍሬ የሚያደርቅ በሽታ ወደ ኢትዮጵያ በገባ ጊዜ፥ የማዕከሉ ሊቃውንት በሽታውን የሚችሉ ዛፎችን ከደን እየመረጡ አውጥተዋል። በወረቀት ላይ 74110 እና 74112 የሚባሉት ቍጥሮች ለብዙ ገበሬ እንጀራ የሆኑ ዛፎች ናቸው። ቍጥሩን በአዳራሽ የሰማ፥ ዛፉን ግን በዓይኑ ያየ ሰው፥ ደን ሲመነጠር ምን እንደሚጠፋ ሳይነግሩት ያውቃል።

ለቤተ ሰብ የሚገዛም አይጠፋም። የጅማ ጠራቢዎች ከአንድ ግንድ የሚያወጡት በርጩማ፥ ማሩና ቡናው ለቤት ይስማማሉ። «የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» እንዲሉ፥ ገበያውን የሚያውቅ የአገሩን ሰው ይዞ መሄድ ይሻላል። ጠራቢው ቀኑን ሙሉ የደከመበትን ዕቃ ለጨዋታ ያህል ዋጋ እያዋረዱ መከራከር ግን አያምርም። ከዚህም በላይ በጉባኤው ጉዳይ ያለው ነጋዴ ማርም ሆነ ቡና በስጦታ ቢያቀርብ፥ አመስግኖ መመለስ ይገባል፤ በነጻ የተቀበሉት ማር በማግሥቱ በአዳራሽ አፍ ይይዛልና።

ስለዚህ ለጉባኤ የሚሄዱ አንባቢዎቻችን የሚከተለውን ሥርዓት ቢይዙ እንመክራለን። የስብሰባው ሰዓት ለስብሰባው ብቻ ይሁን። ከጉባኤው በፊት ወይም በዕረፍቱ ቀን አንድ ቀን ለአገሩ ይመደብ፤ የዚያም ቀን ወጪ ከራስ ኪስ ይሁን። ባል ወይም ሚስት አብረው ቢሄዱ ደስ ይላል፤ ነገር ግን የእነርሱ ወጪ በመንግሥት አበል ላይ አይጨመር። ሲመለሱም ለመሥሪያ ቤቱ ከሚቀርበው መግለጫ ጋራ ከገበያው፥ ከማዕዱና ከእርሻው የተሰማው ነገር በአንድ ገጽ ይጻፍ። መሥሪያ ቤቱ ሰው ወደ ሩቅ አገር የሚልከው ከጠረጴዛው ላይ ሆኖ ሊያውቀው የማይችለውን ነገር እንዲያመጣለት ነውና።