ሁለት ወንዞች የሚገናኙበት መናፈሻ

ዙሪክ ከተማ ውስጥ፣ ከዋናው ባቡር ጣቢያ አጠገብ ካለው ብሔራዊ ሙዚየም ጀርባ፣ ፕላትስሽፒትስ የሚባል መናፈሻ አለ። ሲል እና ሊማት የተባሉት ወንዞች የሚገናኙት ጫፉ ላይ ነው። ልጄን ልጠይቅ በሄድኩ ጊዜ ከልጅ ልጆቼ ጋር እዚያ ስንንሸራሸር፣ ለሰሎሞን ጌስነር የቆመውን ሐውልት አየሁ።

ጌስነር እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1730 እዚሁ ዙሪክ የተወለደ ገጣሚና ሠዓሊ ነው። አባቱ መጽሐፍ አሳታሚ ነበሩ። ሙያቸውን እንዲወርስ በ1749 በርሊን ወደሚገኝ መጻሕፍት መደብር ላኩት። ልጁ ግን ሥራውን ጥሎ ወጣ። አባት ተቆጥተው ገንዘብ መላክ አቆሙ። እሱም ከቤት ተከቶ ሥዕል ሲሥል ሰነበተ። ኋላ ነገሩ በረደና በዓመቱ ወደ አገሩ ተመለሰ።

ጌስነር የሕትመት ሥዕልም ይሠራ ነበር። የመዳብ ሰሌዳ በሰም ይቀባል፤ ሰሙን በመርፌ እየጫረ ይሥልበታል፤ ሰሌዳው አሲድ ሲነካው የተጫረው መስመር ይቦረቦራል። እዚያ ውስጥ ቀለም ሞልቶ ወረቀት ሲጫንበት ሥዕሉ ይወጣል። ጫካና ምንጭ፣ እረኞች፣ በግሪኮች ተረት ያሉ የፍየል እግር ያላቸው የዱር አማልክት በዚህ መንገድ ታትመዋል። አባቱ የተመኙለትንም ሥራ ኋላ በፈቃዱ ያዘ፤ በ1780 የመሠረተው ጋዜጣ ዛሬም ይታተማል።

መናፈሻው ሌላ መርፌም አይቷል። በ1980ዎቹ መጨረሻ ሄሮይን የሚወጉ ወጣቶች ስለሞሉት “የመርፌ መናፈሻ” ይባል ነበር። ስንት ወላጅ በእነዚህ ዛፎች ሥር ልጁን ፍለጋ እንደተንከራተተ እግዜር ይወቀው። በ1992 መናፈሻው ተዘጋ። ወጣቶቹ ግን አልዳኑም፤ በአቅራቢያው ወዳለ አሮጌ ባቡር ጣቢያ ተዛወሩ። ለውጡ የመጣው የሕክምና በር ሲከፈትላቸው ነው። ዛሬ ሣሩ ላይ ሕፃናት ይቦርቃሉ።

እኛም ልጅ ካሰብንለት መንገድ ሲወጣ በር መዝጋት ይቀናናል። “እኔ ልጅ የለኝም” የሚል አባት በየሰፈሩ አለ። ጌስነር ራሱ አባት ሲሆን፣ ልጁ ኮንራድ ሠዓሊ ልሁን ቢለው ለትምህርት ወደ ድሬስደን ላከው፤ ከዚያም ይጽፍለት ነበር። አባትና ልጅ የተጻጻፉት ደብዳቤ ጌስነር ከሞተ በኋላ በ1801 መጽሐፍ ሆኖ ወጣ።

ውድ አንባቢያን፣ ዛሬ ደብዳቤ ወር አይፈጅም። የተኳረፋችሁት ልጅ ካለ፣ ስልኩ እጃችሁ ላይ ነው።