«አስናቀ የሚባል ሰው ፍቅረኛዬን ቀማኝ» ብዬ ነበር!

የምነግራችሁ ነገር ያስቃችሁ ይሆናል። እኔን ግን ለብዙ ዓመት አላሳቀኝም።

ጊዜው 2004 ዓ.ም. ነው። ከኮሌጅ እንደወጣሁ ማጂ አስተማሪ ሆኜ ተመደብኩ። ያንን አገር የማያውቅ ሰው ሙቀትና ቡና ብቻ ይመስለዋል። ማጂ ግን ደጋ ነው፤ ጉሙ ቤት ድረስ ይገባል፣ የማታው ብርድ አይጣል ነው። እኔ በተከራየሁበት ሰፈር ቴሌቪዥን የሚባል ነገር የለም። እሷ ደግሞ ሚዛን ተፈሪ ነበረች (አሁን ሚዛን አማን ነው የሚባለው)። ሽማግሌ መላክ ብቻ ነበር የቀረን።

ኔትወርክ የሚገኘው ከሰፈራችን በላይ ካለች ጉብታ ላይ ነው። ረቡዕ ማታ ጋቢዬን ተከናንቤ እወጣና እደውላለሁ። ታነሳዋለች፣ ግን ጥድፊያ ነው። «ውዴ፣ በኋላ ደውልልኝ እሺ?» ጆሮዬ ላይ ትዘጋዋለች። በሚቀጥለው ረቡዕም ያው። አንድ ቀን ታዲያ ስልኩን ሳትዘጋው ከኋላዋ የሴቶች ድምፅ ሰማሁ… «ነይ እንጂ፣ አስናቀ መጣልሽ!» እሷም እየሳቀች «መጣሁ፣ መጣሁ!» አለች።

ምን ልበላችሁ! ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። አስናቀ ማነው? የቡና ነጋዴ ነው ብዬ ደመደምኩ። ወሩ ጥቅምት ነው፣ ቡና የሚለቀምበት፤ ከሚዛን እስከ ቴፒ የነጋዴ ኪስ የሚሞላበት ጊዜ ነው። እኔ ምን አለኝ? የጀማሪ አስተማሪ ደመወዝ! ሲነጋ ምንም ሳልጠይቃት «ከአስናቀሽ ጋር ደስ ይበልሽ» የሚል መልእክት ላክሁላት። እዚህ የማይጻፍ ሌላም ነገር ጨመርኩበት። መልሷ አጭር ነበር፦ «እንደዚህ ነው የምታውቀኝ? በል ደህና ሁን»። አላስረዳችኝም። እኔም አልጠየቅኋትም።

ለእረፍት ሚዛን ወርጄ አንድ ምግብ ቤት ገባሁ። ዜናው አለቀና ቤቱ ጸጥ አለ። አስተናጋጇ ሳትቀር ትሪዋን ይዛ ቆመች። ኢቲቪ ላይ «ሰው ለሰው» ድራማ ጀመረ። አንድ ጎልማሳ ብቅ ሲል አጠገቤ ያለው ሰውዬ «ይሄ አስናቀ፣ ይሄ ሰይጣን!» ብሎ ጠረጴዛውን መታ። እኔ ክው አልኩ። ሒሳቤን ከፍዬ ወጣሁ። ቤቷ ከዚያ ሩቅ አልነበረም… ግን በየትኛው ፊቴ? ዓመት ሳይሞላ አገባች ሲባል ሰማሁ።

ከዚያ ወዲህ ያንን ድራማ ላላይ ማልኩ። ድራማ ጠልቼ እንዳይመስላችሁ! ከዚያ በፊት የአድነው ወንድይራድን «ገመና» ተከታትያለሁ። በ2008 ዓ.ም. ቃና ተከፍቶ ሰዉ በ«ጥቁር ፍቅር» ሲያዝ እኔም ተይዣለሁ። «ሰው ለሰው» ከሆነ ግን ወሬ እቀይራለሁ፣ ካልሆነም ተነስቼ እወጣለሁ።

አሁን ቴፒ ነኝ፣ ትዳር ይዣለሁ። አምና ሚስቴ ዩቲዩብ ላይ ከክፍል አንድ ጀምራ ማየት ያዘች። መጀመሪያ የተማሪ ደብተር እያረምኩ በጆሮዬ ብቻ ነበር። ሦስተኛው ማታ ላይ እርማቱን ተውኩት። አበበ ባልቻ ምን ዓይነት ሰው ነው! አስናቀን ሆኖ ሲጮህ ሳይሆን ሲረጋጋ ነው የሚያስፈራኝ። ያችን የከተማ ባቡር ያልጀመረባትን አዲስ አበባም ሳይ ሌላ አገር መሰለችኝ። ሳምንት መጠበቅ የለ፣ በአንድ ማታ ሦስት አራት ክፍል እንጨርሳለን። ጉዱ ጠዋት ነው። አስተማሪዎች ክፍል ገብቼ «አስናቀ እኮ…» ስል ወጣቶቹ ይስቁብኛል፦ «ጋሼ፣ ገና ነዎት እንዴ?»

አሜሪካኖች «ዘ ዋየር» የሚባል ድራማ አላቸው። ከ2002 እስከ 2008 እ.ኤ.አ. በኤችቢኦ ሲተላለፍ ተመልካቹ ጥቂት ነበር፤ ዝናው የገነነው በኋላ ነው። ስለዚህ እዚያ የዘገየ ሰው ብዙ ጓደኛ አለው። የኛን ግን አገሩ ሁሉ በጊዜው አይቶታል፤ የዘገየሁት እኔ ነኝ።

ችግሬ እዚህ ላይ ነው። አስናቀ በገባ ቁጥር በልቤ «ያን ረቡዕ የታየው ይሄኛው ክፍል ይሆን?» እላለሁ። ያ የሴቶች ሳቅ ጆሮዬ ላይ ይመጣል። ሚስቴ ፊቴን ታያለች። «ምነው ፈዘዝክ? ይሄ ሁሉ ሰው ሲያይ አንተ ያኔ የት ነበርክ?» አለችኝ። «ማጂ ነበርኩ፣ ቴሌቪዥን አልነበረንም» አልኳት። ውሸት አይደለም፤ እውነትም አይደለም።

ልንገራት ወይስ ይቅር? የሚቀረን ክፍል ብዙ ነው፣ ማታ ማታ ቡናውን አፍልታ የምትጠብቀኝ እሷ ናት። እስቲ የምትሉትን ጻፉልኝ።

ከቴፒ፣ አንድ አስተማሪ