አቤት የናዝሬት ቁንጫ!

ልጆቼ ቁንጫ አይተው አያውቁም። ሜሪላንድ ተወልደው፣ ምንጣፍ ላይ ድኸው፣ ከውሻ ጋር ተቃቅፈው ተኝተው አድገው አንዲት ቁንጫ እንኳን አልነከሰቻቸውም። ያሳዝኑኛል! እኔ በእነሱ ዕድሜ ቁንጫ በሁለት አውራ ጣቶቼ ጥፍር መሃል አስገብቼ «ጧ!» የማሰኝ፣ ሰፈሩ የመሰከረልኝ አዳኝ ነበርኩ።

ናዝሬት ነው፤ የዛሬዋ አዳማ። ዘመኑ ደርግ፣ ቤቱ የጭቃ፣ ወለሉ በእበት የተለቀለቀ፣ ነዋሪው ደግሞ ብዙ፦ እኛ፣ ዶሮዎቹ፣ ቡቺ የሚባል ውሻ፣ ውሮ የምትባል ድመት፣ ከሁላችንም በቁጥር የሚበልጠው ቁንጫ። ለፍልሰታ ገጠር ዘመድ ዘንድ ከርመን ስንመለስ በሩ ላይ ግፊያ ይጀመራል። «አንተ ቅደም!» «አንቺ ቅደሚ!» ቀድሞ የገባ እግሩ እስከ ጉልበቱ በቁንጫ ይጠቁራላ! አያቴ ታዲያ መላ አታጣም፤ ቡቺን በቁራሽ እንጀራ አታልላ ታስቀድመዋለች። ቡቺ እየሮጠ ይገባል፣ ከገባበት በእጥፍ ፍጥነት ይወጣል፣ እኛ በሳቅ መሬት ላይ እንንከባለላለን።

ሰው ያልነበረበት ቤት ለምን ቁንጫ እንደሚፈላበት የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው። የቁንጫ እጭ ድር ፈትሎ ራሱን ይሸፍንና እዚያው ውስጥ ሙሉ ቁንጫ ይሆናል። ከሆነ በኋላም ቶሎ አይወጣም፤ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት አድፍጦ ይጠብቃል። ኮቴ መሬቱን ሲያንቀጠቅጠው፣ ሙቀትና ትንፋሽ ሲደርሰው ያን ጊዜ ፈንድቶ ይወጣል። እኛ በሩ ላይ እየተገፋፋን ስንረግጥ ለካ የምሳ ደወል እየደወልንለት ኖሯል!

ቅዳሜ የዘመቻ ቀን ነበር። አያቴ ነጠላዋን አሸርጣ ትነሳለች። አጎዛው፣ ሰሌኑ፣ የጭድ ፍራሹ አንድ ሳይቀር ወጥቶ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ የናዝሬትን ፀሐይ ደግሞ የቀመሳት ያውቃታል። ቤቱ ጥግ ጥጉ ሳይቀር ይጠረጋል፣ ጥራጊው ይቃጠላል፣ ወለሉ በትኩስ እበት ይለቀለቃል፣ ጥንጁት ይጨሳል። የእኛ የልጆቹ ድርሻ ማሳል ነበር።

ከዚያ ደግሞ የወባ ማጥፊያ ሰዎች ይመጣሉ። ካኪ ለብሰው፣ መርጫቸውን አንግተው ሲመጡ ሰፈሩ የበዓል ቀን ይመስላል። ምጣዱም መሶቡም አልጋውም ግቢ ይወጣና ግድግዳው በዲዲቲ ይርሳል፣ ሲደርቅም ነጭ ይሆናል። መድኃኒቱ የመጣው ለወባ ትንኝ ነው፤ እናቶቻችን የሚመርቁት ግን ስለ ቁንጫውና ስለ ትኋኑ ነበር። የተረፈች ዱቄት ለምኖ የሚያስቀር ጎረቤትም አይጠፋም። ለምን ይፈልጋታል? ውሻው ጀርባ ላይ ሊነሰንሳት ነዋ!

ኋላ ቀርነት ነው ብላችሁ እንዳትፈርዱብን። የዲዲቲን ነፍሳት ገዳይነት የደረሰበት ስዊዘርላንዳዊው ፖል ሙለር በ1948 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ወስዷል፤ ያውም በሕክምና! አሜሪካም ብትሆን ዲዲቲን የከለከለችው በ1972 እ.ኤ.አ. ነው። ቡቺ ነጭ ዱቄት ተነስንሶበት ሲያስነጥስ ከሠለጠነው ዓለም የዘገየው ጥቂት ዓመት ብቻ ነበር። ውሮ ግን ብልጥ ነች፤ የዱቄቱን ቆርቆሮ ገና ስታይ ጣሪያ ላይ ናት። ድመት ጠጉሯን ስትልስ ስለምትውል የተነሰነሰባትን ሁሉ ትውጠዋለች፤ ያቺ ጣሪያ አትርፋታለች።

አንድ ጎረቤታችን ደግሞ የራሳቸው ሕክምና ነበራቸው። ጨርቅ በኩራዝ ጋዝ ነክረው ውሻቸውን ከጆሮው እስከ ጭራው ያሹታል። ውሻው ቆዳው ሲለበልበው ሰፈሩን ይዞራል፣ ሽታው ሦስት ቤት ቀድሞት ይደርሳል፣ ከየደጃፉ «እሳት እንዳታስጠጉት!» የሚል ጩኸት ይከተለዋል። ደብረ ዘይት ቅርባችን ናት፤ የእንስሳት ሕክምና ፋኩልቲም በ1979 እ.ኤ.አ. ተከፍቶባታል። ግን ውሻ ይዞ ሐኪም ዘንድ መሄድ ለማን ይታሰባል? የከብት ሐኪም ለበሬ፣ ለላም፣ ቢበዛ ለበቅሎ ነው። አያቴ «ቡቺን ላሳክመው» ብላት ኖሮ መጀመሪያ የእኔን ግንባር ነበር የምትዳብሰው።

ዛሬስ? ዛሬማ ሠርግና ምላሽ ነው! የቤት እንስሳት መደብር ስገባ የቁንጫ መድኃኒት ብቻውን አንድ ግድግዳ ሞልቶ ይጠብቀኛል። በማጅራት ላይ የሚንጠባጠብ፣ የሚታኘክ ክኒን፣ ወራት የሚያገለግል የአንገት ቀለበት፣ ሻምፖ፣ የሚነፋ። ዋጋውን ሳይማ ቡቺን አስታውሼ ብቻዬን እስቃለሁ። በአንዲት ቱቦ ዋጋ አያቴ የዶሮ ቤቷን ትሞላው ነበር።

ደስ የሚለው ነገር ውዱ ሁሉ የተሻለ አለመሆኑ ነው። ሳጥኑን ገልብጡና በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን የመድኃኒቱን ስም አንብቡ። ፍሮንትላይን ውስጥ ያለው ፊፕሮኒል የባለቤትነት መብቱ ጊዜ ካለፈ ቆይቷል፤ ሌሎችም እያመረቱ በርካሽ ይሸጡታል። ስሙና መጠኑ አንድ ከሆነ፣ የመንግሥት ምዝገባ ቁጥሩም ካለ፣ ያማረ ሥዕል ላይ ገንዘብ አታፍስሱ። ክኒኖቹ ወደድ ይላሉ፤ ሆኖም እንደ ብራቬክቶ ያለው አንዴ ተውጦ ለቁንጫ 12 ሳምንት ስለሚሠራ ሒሳቡን በወር አካፍሎ ማየት ነው። የእነዚህን ክኒኖች ወገን በተመለከተ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2018 እ.ኤ.አ. ማስጠንቀቂያ አውጥቷል፤ አንዳንድ እንስሳት ላይ መንቀጥቀጥና መንፈራገጥ ታይቷል። የሚጥል በሽታ ያለበት ውሻ ካላችሁ ሐኪም ሳታማክሩ አትስጡት።

አሁን ሳቁን ላቁም። ፐርሜትሪን የሚባለው መድኃኒት በብዙ የውሻ ጠብታዎች ውስጥ አለ፤ ውሻ ይችለዋል፣ የድመት ጉበት ግን ሰባብሮ ማስወገድ አይሆንለትም። የውሻ ጠብታ የተደረገባት ድመት ያንዘፈዝፋታል፣ ልትሞትም ትችላለች። ጠብታው ገና ካልደረቀለት ውሻ ጋር ተለጥፋ መተኛትም ያሰጋታል። «ትንሽ ናትና ግማሹን ላድርግላት» የሚባል ነገር የለም። ለትልቅ ውሻ የተሠራውን ቱቦ ለትናንሾቹ ማከፋፈልም ያው ነው፤ ሳጥኑ ላይ ኪሎ የተጻፈው በምክንያት ነው።

እዚህ ቡና ላይ ስንሰባሰብ ደግሞ «ነጭ ሽንኩርት አብሉት፣ ቁንጫው ይሸሻል» የሚል ባለመላ አይጠፋም። ነጭ ሽንኩርት የውሻንም የድመትንም ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል። ለዶሮ ወጡ ይቆይ!

ከሁሉ የሚያስቀኝ የእንስሳት ሐኪሟ ምክር ነው። እንስሳው ላይ የምናየው ቁንጫ ከጠቅላላው 5 በመቶ ያህል ብቻ ነው አለችኝ፤ የቀረው እንቁላል፣ እጭና በድሩ ውስጥ ያደፈጠ ቁንጫ ሆኖ ምንጣፉና መኝታው ውስጥ ነው። አንዲት ሴት ቁንጫ በቀን እስከ 50 እንቁላል ትጥላለች፣ እንቁላሉም ከጠጉሩ ላይ እየተንከባለለ ይረግፋል። ስለዚህ ምንጣፉን በመጥረጊያ ማሽን ጥረግ፣ ጥራጊውን ወዲያው ከቤት አውጣ፣ የሚተኙበትን በሙቅ ውኃ እጠብ፣ የቤቱን እንስሳ ሁሉ ቢያንስ ሦስት ወር ሳታቋርጥ አክም። እጩ ድርቀት አይችልምና ፀሐይ ላይ የሚሰጣ ካለ አስጣ! እንዴ፣ ይሄማ ያቺው የአያቴ ቅዳሜ አይደለም? ሙልጭ አድርጋ የምትጠርገው፣ አጎዛውን የምታሰጣው፣ የወለሉን ስንጥቅ በእበት የምትደፍነው! በዱቄቱ ተሳስተናል፣ በመጥረጊያው ግን አያቴን የሚስተካከል አልነበረም። ገንዘብ ላጠረውም ጥርሱ የጠበቀ ማበጠሪያ አለ፤ እያበጠሩ የያዘውን ሳሙና የተበጠበጠበት ውኃ ውስጥ መድፈቅ ነው። ውሻው ቁንጫዋን ነክሶ ከዋጣት ኮሶ መሰል ትል ልታወርሰው ስለምትችል ቀድሞ መልቀሙ ዋጋ አለው።

አገር ቤት ያላችሁ ደግሞ አደራ፦ ለከብት መዥገር የሚሸጠውን ዲያዚኖን በቡና ስኒ እየለካችሁ ውሻ አትጠቡበት፣ ድመት ከነጭራሹ አታስነኩ። የእንስሳት መድኃኒት ቤት ስትሄዱ የውሻችሁን ኪሎና ዕድሜ ይዛችሁ ሂዱ፤ ቤት ውስጥ ድመት ካለችም ሳትጠየቁ ተናገሩ።