ምድርን የሚያሻሽጠው ደላላ

በፍሎሪዳ ግዛት፣ ኦርላንዶ ከተማ አጠገብ ያለው ዲዝኒ ዎርልድ አራት ትልልቅ ፓርኮች አሉት። ልጆች የሚሞቱለት ግንቡ ያለበትን ነው። ኢፕኮት የሚባለው ግን እንደ እኔ ስድሳን ላለፈ፣ አየር ላይ ከመገለባበጥ ይልቅ ማየትና መጠየቅ ለሚወድ ሰው የተሠራ ይመስላል። የገባንበት ዕለት እሑድ ጥር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። እኛ አገር ከተራ ነው፤ እዚያ ደግሞ በማግስቱ የማርቲን ሉተር ኪንግ መታሰቢያ ስለሚውል ትምህርት ቤት ዝግ ነው። አሜሪካ በሙሉ ልጁን እየጎተተ የወጣ ይመስል ነበር። ልጄ፣ ባለቤቷ፣ ሁለቱ የልጅ ልጆቼና እኔም ከአትላንታ ሰባት ሰዓት ያህል በመኪና ተጉዘን ከዚያ ሕዝብ ጋር ተቀላቀልን።

ዋልት ዲዝኒ ኢፕኮትን መጀመሪያ ያሰበው መዝናኛ አድርጎ አልነበረም። 20 ሺህ ሰው የሚኖርባት የነገ ከተማ ልትሆን ነበር። እሱ እ.ኤ.አ. በ1966 ሲሞት ኩባንያው የከተማውን ሐሳብ ትቶ ፓርክ ሠራና እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 1 ቀን 1982 ከፈተው። ግማሹ ስለ ሳይንስና ስለ ተፈጥሮ ነው፤ ግማሹ በሐይቅ ዙሪያ የተደረደሩ የ11 አገሮች መንደር ነው። ከአፍሪካ ሞሮኮ ብቻ አለች። (ቡና የሚቆላባት አንዲት ጎጆ ቢጨምሩ ምን ነበረበት?) ያኔ እድሳት ላይ ስለነበሩ የፓርኩ መሀል በአጥር ተከልሎ ነበር፤ ለአዲስ አበባ ሰው እንግዳ አይደለም። የአንድ ቀን መግቢያ ለአንድ ሰው ከ100 ዶላር በላይ ነበር። ከ3 ሺህ ብር ማለፉን በልቤ አስልቼ ዝም አልኩ፤ የከፈለው አማቼ ነው።

እኔን የያዘኝ ስለ መሬት፣ ስለ እርሻና ስለ ምግብ የሚያሳየው «ዘ ላንድ» የተባለው አዳራሽ ነው። ሰው ሁሉ ወደ ታችኛው ፎቅ ይሮጣል። እዚያ ወንበር ላይ አስቀምጦ እንደ ንስር ዓለምን የሚያዞር «ሶሪን» የተባለ ትርኢት አለ፤ ሰልፉ ከአንድ ሰዓት በላይ ነበር። በላይኛው ፎቅ ግን ብዙ ሰው ሳያያት የሚያልፋት የአንዲት ሲኒማ ቤት በር አለች። እዚያች ውስጥ «ኦሰም ፕላኔት» የሚባል አዲስ የተፈጥሮ ፊልም ገና አርብ ዕለት፣ ጥር 8 ቀን ተከፍቷል። እኛ የደረስነው በሦስተኛው ቀኑ ነው። አሥር ደቂቃ ብቻ ስለሆነና ወንበር ስላለው ሁለት ጊዜ ገባሁ። በሁለተኛው ዙር ከፊልሙ ይልቅ ተመልካቹን ሳይ ነበር ማለት ይቻላል፤ ሥራዬ ሆኖ ሰው ፊት ላይ ማየት ለምዶብኛል።

በዚያው አዳራሽ ከዚህ በፊት የነበረው ፊልም እ.ኤ.አ. ከ1995 እስከ 2018 ድረስ ታይቷል። «አንበሳው ንጉሥ» በተባለው ፊልም ላይ ያሉት እንስሳት ነበሩበት። ከርከሮውና ጓደኛው ጫካውን መንጥረው ሐይቅ ዳር የመዝናኛ መንደር ሊሠሩ ሲነሱ አንበሳው ሲምባ እየመከረ ያስተዋቸዋል። ለልጅ የሚገባ ተረት ነው።

አዲሱ ግን ተረት አይደለም። የሚተርከው ታይ ቡሬል የተባለው ተዋናይ ነው፤ «ሞደርን ፋሚሊ» በሚባለው ተከታታይ ድራማ የቤት ደላላ ሆኖ የሠራው። እዚህም ያንኑ ደላላነቱን ይዞ ነው የመጣው፤ የሚያሻሽጠው ግን ምድርን ነው። እኛ አገር ደላላ ግቢውን እያዞረ «ውሃው አይጠፋም፣ መንገዱ አስፋልት ነው፣ ጎረቤቱ ሰላማዊ ነው» እንደሚለው ሁሉ፣ ሰውየውም ተራራውን፣ ጫካውን፣ ውቅያኖሱን፣ በረሃውን እያስጎበኘ ያሞግሳል። ሙዚቃው የስቲቨን ፕራይስ ነው፤ «ግራቪቲ» ለተባለው ፊልም ባቀናበረው ኦስካር የተሸለመው ሰው። ሥዕሉስ? ስለ ሥዕሉ ምን ልበላችሁ፤ ምድር ከጠፈር ስትታይ አጠገቤ የነበሩ ባልና ሚስት ማስቲካ ማኘካቸውን አቆሙ።

ከዚያ አዳራሹ ራሱ መተንፈስ ይጀምራል። ነፋስ ፊት ላይ ይነፍሳል፣ ሽታ ይመጣል፣ ውሃ እንደ ካፊያ ይረጫል። ነፋሱ ሲመጣ ልጆቹ ሁሉ እጃቸውን ዘረጉ። ሽታው ሲመጣ ደግሞ አዳራሹ በአንድ ጊዜ አፍንጫውን ሲያሸት ሰማሁ፤ አንድ ሕፃን ከኋላ «ምንድን ነው የሸተተው?» ብሎ ሲጮህ ሁሉም ሳቀ። ውሃው ሲረጭ ፀጉራቸውን የተሠሩ ሴቶች በእጃቸው ጋረዱ፤ እኔም ነጠላዬን ሳብኩ። ከፊታችን የተቀመጡ አንድ አዛውንት ገና ተራራው ላይ እያለን እንቅልፍ ወስዷቸው ነበር፤ ካፊያው ሲነካቸው ነቅተው ሚስታቸውን «ዘነበ እንዴ?» አሏት።

ደላላው አወድሶ አወድሶ በመጨረሻ ወደ ጉዱ ይመጣል፤ የአየር ንብረት እየተለወጠ ነው፣ ምድር እየሞቀች ነው፣ የምናደርሰው ጉዳት እየበዛ ነው ይላል። በሁለቱም ዙር እዚህ ቦታ ላይ ያየሁት አንድ ዓይነት ነው፤ ጨለማው ውስጥ የስልክ መብራት እዚህም እዚያም ብልጭ ማለት ጀመረ። የሚደወልላቸው ሰው ስላለ አይደለም። ይህን አውቀዋለሁ። በጤና ጣቢያ ማለዳ ማለዳ ስናስተምር፣ ልጅ ስለማጥባት ስናወራ ዓይኖች ሁሉ እኛ ላይ ናቸው፤ ወሬው ወደ ሞት ሲዞር እናቶቹ ነጠላቸውን ማስተካከል፣ በሩን ማየት ይጀምራሉ። ሰው ክፉ ወሬ ሲመጣ እጁን የሚያስገባበት ኪስ ይፈልጋል።

ፊልሙ ተስፋ ባለው ቃል ያበቃል። የተጨበጨበው ጭብጨባ ስስ ነበር። በሩ ላይ ቆሜ ልጆቹን ስጠብቅ የሰማሁት አስተያየት ግን ከፊልሙ ይልቅ የሚያስደስት ነው። ኮፍያ ያደረገ አንድ ጎልማሳ «ለዕረፍት ከፍዬ መጥቼ ንግግር ይሰጡኛል!» እያለ ወጣ። ሁለት ሴቶች የድሮው ከርከሮ ናፍቋቸዋል። አንድ ጎረምሳ «አለቀ እንዴ?» አለ፤ ይህ ትችት ይሁን ምስጋና አላወቅኩም። የተኙት አዛውንት ሚስት ዓይኗን እየጠረገች ባሏን ትገፋ ነበር፤ «ደጋሚውን እንገባለን፣ አንተ አላየኸውም» አለችው። በሁለተኛው ዙር አየኋቸው፤ ነቅተው ነበር።

የእኔዋ ትልቋ የልጅ ልጅ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ዝም ብላ ወጥታ ደረጃው ላይ እጄን ያዘችና «እማማ፣ ሰውዬው ቤቱን የሚሸጠው እየተበላሸ ስለሆነ ነው?» አለችኝ።

አዲስ አበባ ቤት የገዛ ሰው ደላላን መጀመሪያ የሚጠይቀው ይኸንኑ ነው፤ ለምን ይሸጣል? አንድም ትልቅ ሰው ከዚያ አዳራሽ ሲወጣ አልጠየቀውም። ልጅቷ በዚያው ሰሞን የአውስትራሊያን ደን ቃጠሎ በቴሌቪዥን እያየች ስለነበር ነገሩ ከፊልሙ በፊትም ልቧ ውስጥ ነበር። እናቷ ቀበል አድርጋ «ፊልም ነው እናቴ፣ አይስክሬም እንግዛ» አለቻት። ማታ ከተኙ በኋላ በዚህ ተከራከርን። ልጄ «እማዬ፣ ዘጠኝ ዓመት ለዚህ ትንሽ ነው፤ ሌሊት እየነቃች ነው» አለችኝ። እናት ናት፣ ሌሊት የምትነቃውም እሷ ናት። እኔ ደግሞ ለብዙ ዓመት ሕፃናትን መርፌ ወግቻለሁ። «ምንም አያምም» የተባለ ልጅ አንዴ ከተወጋ በኋላ ነጭ ጋውን ባየ ቁጥር ያብዳል። «ትንሽ ያምማል፣ እጅህን እይዛለሁ፣ ከዚያ ያልቃል» የተባለው ያለቅሳል፣ በሚቀጥለው ግን ክንዱን ራሱ ይሰጣል። አልተስማማንም።

ፊልሙ ላይ ያለኝ ቅሬታም ከዚህ የራቀ አይደለም። ቀልዱ አልከፋኝም፤ ሳቅ ጆሮ ይከፍታል። አሥር ደቂቃም አያንስም፤ እናት ልጅ አዝላ ከዚያ በላይ አትሰማም። የቀረው ነገር እጅ የሚይዘው ነው። ተቅማጥ ልጆችን በሚጨርስበት ጊዜ ስለ ተቅማጥ ስንናገር ብዙ ተናግረናል፤ ሰው ይዞት የሄደው ግን አንድ ሊትር የፈላና የቀዘቀዘ ውሃ፣ ስድስት ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው የሚለውን ነው። ምክንያቱም ፊታችን ቆመው ራሳቸው በጥብጠዋል። ደላላው ሕመሙን ነገረን፣ ውደዷት አለን፣ በሩን ከፈተ። ማንኪያውን አልሰጠንም።

ለልጅቷ እኔ የሰጠኋት መልስ ይህ ነበር። ቤቱ አይሸጥም፣ ሌላ ቤት የለንም፤ ግን ጥገና ይፈልጋል አልኳት። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. አገራችን በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተከለች መባሉን ነገርኳት። ቁጥሩን ለቆጠሩት ልተወውና፣ እኔ ከሰፈር ሰዎች ጋር ሆኜ ሦስት ተክያለሁ፤ ሁለቱ ጸድቀዋል፣ አንዱን ፍየል በላው። የሳቀችው ፍየሉ ላይ ነው። ከዚያ ስለ አንበጣው ጠየቀችኝ፤ አባቷ ስልክ ላይ ሲያወራ ሰምታ ኖሯል። በ2012 ዓ.ም. መኸር በሶማሌ ክልል፣ በሐረርጌና በወሎ ቆላ ያየነው መንጋ ከየት እንደመጣ ባለሙያዎች ሲያስረዱ እ.ኤ.አ. በ2018 የባሕር ማዕበል በዓረቢያ በረሃ ላይ ያወረደውን ዝናብ ያነሳሉ፤ ባዶው አሸዋ ረጥቦ አንበጣው ያለ ሰው ዓይን ተራባ። እንግዲህ በአንዱ ክፍል ጣሪያው ሲያፈስ በሌላው ክፍል እህሉ ይበላል። ይህን በቀላል ቃል ብነግራት ከደላላው በተሻለ ገባት።

ከሰዓት በኋላ በታችኛው ፎቅ ያለውን የጀልባ ጉዞ ሄድን፤ «ሊቪንግ ዊዝ ዘ ላንድ» ይባላል፤ አሥራ አራት ደቂቃ ገደማ ነው። ለእኔ የኢፕኮት ምርጡ ይህ ነው፤ ማንም ሰው እንዲያልፈው አልመክርም። ጀልባው ጨለማ ውስጥ ትንሽ ከዞረ በኋላ እውነተኛ የመስታወት ግሪንሃውስ ውስጥ ይገባል። ቲማቲም እንደ ዛፍ ቅርንጫፉን ዘርግቶ፣ ሙዝና ፓፓያ ቆሞ ይታያል። አንዳንዱ ተክል አፈር የለውም፤ ሥሩ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ምግብ ያለበት ውሃ ይረጭበታል። ዱባን በቅርጽ ማስገቢያ አሳድገው የሚኪ ማውስ ጭንቅላት ያስመስሉታል፤ ይህ እንኳ ለዱባው ውርደት ነው። ገንዳ ውስጥ ዓሣ ያረባሉ፤ ቆሮሶውን ሳይ ሐዋሳ የሄድኩ መሰለኝ። ከሚያመርቱት የተወሰነው እዚያው ፓርኩ ውስጥ ባሉ ምግብ ቤቶች ይቀርባል። ይህን ሁሉ መስታወት፣ ፓምፕና መብራት የትኛው ገበሬ ይችለዋል የሚለው ጥያቄ አብሮኝ ሄዷል፤ ቢሆንም ሰው ሲሠራ ይታያል። በመስታወቱ ማዶ ነጭ ጋውን የለበሰች ወጣት ቅጠል ገልብጣ ተባይ ትፈልግ ነበር። የልጅ ልጄ እጇን አወዛወዘችላት፤ ወጣቷም ቅጠሉን እንደያዘች በሌላ እጇ አወዛወዘች።

ለሚሄድ ሰው ጥቂት ልንገር። ፊልሙ በመግቢያው ዋጋ ውስጥ ስለሆነ ሌላ ክፍያ የለውም፤ ሰልፍም አልነበረውም። እግር ሲዝል፣ በተለይ እኩለ ቀን ላይ፣ ጥሩ ማረፊያ ነው። ሽታ አስሙን የሚቀሰቅስበት ሰው የሚነፋውን መድኃኒት በእጁ ይያዝ። ትንንሽ ልጆች ያሉት ፊልሙን አስቀድሞ ጀልባውን ቢያስከትል ይሻላል እንጂ እንዳይገለብጠው።

ትንሹ ወንድሟ አምስት ዓመቱ ነው፤ ከቀኑ ሁሉ የወደደውን ስጠይቀው «ሽታውን» አለ። ትልቋ ግን አትላንታ እስክንገባ ድረስ ስለ ፊልሙ አላነሳችም። ቤት ስንደርስ ፍራፍሬ ከበላች በኋላ የፓፓያውን ፍሬ አጥባ በሶፍት ጠቅልላ መስኮት ላይ አስቀመጠችው። እናቷ «ይሄ በአትላንታ ብርድ አይበቅልም» አለቻት። «እናየዋለን» አለች፤ አሁን በስልክ ስናወራ መጀመሪያ የምትነግረኝ ስለ እሱ ነው። እስከ ትናንት አልበቀለም።